ፒንሳና ክላሽ፦ የቴክኒክ ሙያና የሜዳ ሥራ የተጣመሩበትን የውትድርና ሙያ እንዴት ትመርጣለህ?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለችው ሱቄ ጠባብ ናት። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ሞባይል እጠግናለሁ። ቴሌቪዥን፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ አልፎ አልፎም ጀነሬተር ይመጣልኛል። ከዚህ በፊት ወታደር ነበርኩ። ሙያዬ መገናኛ ነበር፤ ራዲዮ ተሸክሞ መሄድ፣ ሲበላሽም እዚያው መጠገን።

ይህን የሚያውቁ የሰፈር ልጆች የምልመላ ማስታወቂያ በተለጠፈ ቁጥር ብቅ ይላሉ። ዘንድሮ የመጣው የጎረቤቴ ልጅ ነው። ኤሌክትሮኒክስ ደረጃ 3 ጨርሷል። «ጋሼ» አለኝ፣ «ወርክሾፕ ውስጥ ተዘግቼ መዋል አልፈልግም። በር ላይ ጠመንጃ ይዤ መቆምም አልፈልግም። ሁለቱም ያለበት የቱ ነው?»

ሻይ አስመጣሁና ሱቁን እስክዘጋ ድረስ አወራን። የነገርኩትን በኋላ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። «አንተ» እያልኩ የምጽፈው ለእሱ ስለሆነ ነው። እህቶቼ፣ ለእናንተም ያው ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይግባህ። ሠራዊት ውስጥ ሙያ መጠየቅ ትችላለህ፤ የሚመድብህ ግን ሠራዊቱ ነው። ስለዚህ የሚወዱትን መርጦ መቀመጥ አያዋጣም። መዳቢው ስምህን ሲያይ «ይሄ ልጅ ለዚያ ይሆናል» የሚያሰኘውን ነገር ይዘህ መሄድ አለብህ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚያ ነው።

አንደኛ፦ የሙያውን ስም ተወው፤ «ዕቃው የት ነው የሚበላሸው?» ብለህ ጠይቅ

«ቴክኒሻን» የሚለው ስም ምንም አይነግርህም። ሁለት መካኒኮች አስብ። አንዱ ትልቅ ወርክሾፕ ውስጥ ነው ያለው። ሞተሩ ወርዶ፣ ታጥቦ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ማታ አልጋው ላይ ይተኛል። ሌላው ከተንቀሳቃሽ ክፍል ጋር ነው። መኪናው ሽቅብ ላይ ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ይቆማል፤ ከኋላ ኮንቮይ ተደርድሯል፤ እሱ ከሥሩ ገብቶ ጭቃ ላይ ተኝቷል። ደሞዝ መክፈያው ላይ ሁለቱም «መካኒክ» ናቸው።

ስለዚህ ስለ የትኛውም ሙያ ስትሰማ ዕቃው ሲበላሽ የት እንደሚሆን ጠይቅ። ዕቃው ወደ አንተ የሚመጣ ከሆነ የወርክሾፕ ሰው ነህ። አንተ ወደ ዕቃው የምትሄድ ከሆነ የፈለግከውን አግኝተሃል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ በሙያህ የምትሠራው በሳምንት ስንት ቀን ነው? ይህን ማንም አይነግርህም። የሜዳ ሙያተኛ ሁለት ሥራ ነው ያለው። ሌላው የሚቆፍረውን ምሽግ እሱም ይቆፍራል። ዘብ ይወጣል። ስንቅ ያወርዳል። ሌላው ሲያርፍ ደግሞ እሱ ዕቃውን ይፈታል። በእኔ ጊዜ ግማሹን ቀን በሙያዬ ከዋልኩ ጥሩ ሳምንት ነበር። ይህ የሚያበሳጭህ ከሆነ ወርክሾፑ አያሳፍርም፤ እዚያው ሂድ።

ሁለተኛ፦ ሙያዎቹን አንድ በአንድ አያቸው

መገናኛ። የራሴ ስለሆነ ባዳላ አትፍረድብኝ። ብዙ ሰው መገናኛ ማለት «ሃሎ፣ ሃሎ» ማለት ይመስለዋል። ሥራው ግን ግማሹ ፊዚክስ ነው፣ ግማሹ ጀርባ ነው። ራዲዮው፣ መለዋወጫ ባትሪው፣ ሽቦው፣ ከዚያ ደግሞ የራስህ ትጥቅና ኮዳ። ሁሉም አንተ ላይ ነው።

ፊዚክሱን በትንሹ ላሳይህ። አጭር ርቀት የሚሠራው ቪኤችኤፍ ራዲዮ ማየት ይወዳል። በመካከል ኮረብታ ከገባ ያበቃለታል። የረር ተራራ ላይ ሆነህ ቢሾፍቱን በእጅህ የያዝካት ያህል ታወራለህ፤ ከተራራው ጀርባ ያለው ሸለቆ ግን አይሰማህም። ለሩቅ የሚሆነው ኤችኤፍ ነው። እሱ ሰማዩ ላይ ካለው በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ንብርብር ተጋጭቶ ይመለሳል። ያ ንብርብር ደግሞ በፀሐይ ስለሚለዋወጥ ቀን የያዘልህ ፍሪኩዌንሲ ማታ ይከዳሃል። ቀን ከፍ፣ ማታ ዝቅ ታደርጋለህ።

አንቴናውስ? ሽቦ ነው። ርዝመቱን በሜትር የምታገኘው 142.5ን በምትሠራበት ፍሪኩዌንሲ ሜጋኸርዝ አካፍለህ ነው። በ5 ሜጋኸርዝ ልትሠራ ነው እንበል። 28 ሜትር ተኩል ይወጣል። መሐሉ ላይ ትከፍለዋለህ፤ በየጎኑ 14 ሜትር ከሩብ። አሁን ይህን ስሌት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አስበው። ዝናብ ነው፣ መብራት ማብራት ክልክል ነው፣ ሽቦው ግራር ላይ ተጠላልፏል፣ አዛዡ በየደቂቃው «ያዘ?» ይልሃል። በእርምጃህ ትለካለህ፣ በጥርስህ ትልጣለህ። ይህን ስታነብ ደስ ካለህ መገናኛ ነህ። «ምን አስጨነቀኝ» ካልክ ወደሚቀጥለው እለፍ።

የተሽከርካሪ ጥገና። ከሁሉም በላይ ሰው የሚፈለግበት ይመስለኛል፤ ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ይበላሻላ። ከአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚነሳ ልጅ አንድ ነገር ልንገርህ። አዲስ አበባ በአማካይ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር እዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ጥቁር ጭስ ያበዛል። ክፍት ድስት ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የራዲያተር ክዳኑ ላልቶ ግፊት ካልያዘ ራዲያተሩም እንደዚያው ነው። ያው መኪና ወደ አፋር ሲወርድ ደግሞ ጣጣው ይቀየራል። ዳሎል አካባቢ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ነው የምትወርደው። አየር ሞልቷል፤ ሙቀቱና አቧራው ግን ሌላ ዓለም ነው። ፊልትሮው ይደፈናል፣ ቺንጊያው ይሰነጠቃል፣ ጎማው ይፈነዳል። እዚህ ጋራዥ ውስጥ የተማርከው ልክ ነው፤ ግን ግማሹ ነው።

በዚህ ሙያ የሚለየው ሰው መለዋወጫ ሲኖር የሚሠራው አይደለም። መለዋወጫ ሲጠፋ ካርቶን ቆርጦ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) የሚያበጀው፣ ከሞተ መኪና ሞተሪኖ ነቅሎ ሌላውን የሚያስነሳው ነው። ጎተራና ሳሪስ ጋራዥ ሲላላክ ያደገ ልጅ ለዚህ ከዲፕሎማ የማይተናነስ ትምህርት አለው።

የጦር መሐንዲስ። መንገድ፣ ድልድይ፣ ምሽግ፣ ፈንጂ። ድልድዩ ደስ ይላል። ተገጣጣሚውን የቤይሊ ድልድይ አይተህ ታውቃለህ? ጎርፍ መንገድ በቆረጠበት ሁሉ የሚዘረጋው ብረት ነው። አንዱ ፓኔል 3 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ 260 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሲነደፍ ስድስት ሰው እንዲያነሳው ታስቦ ነው፤ ክሬን የለም። ስለዚህ የመሐንዲስ ቴክኒክ ሒሳብም ነው፣ ወገብም ነው። ፈንጂ ማምከኑ የተለየ ነገር ነው። መሬቱን በቀጭን ዘንግ፣ በ30 ዲግሪ ገደማ አጋድለህ፣ ጣት በጣት ትፈትሻለህ። ቀጥ ብለህ ከላይ ከወጋህ ፈንጂውን አናቱ ላይ መታኸው ማለት ነው። ቸኩሎ የሚበላ፣ ቸኩሎ የሚያወራ፣ በር ሳያንኳኳ የሚገባ ሰው ለዚህ አይሆንም። ቀልዴን አይደለም። ጀግና ነኝ የሚለውን ሳይሆን አሰልቺ የሆነውን ነው የሚፈልጉት።

የሜዳ ሕክምና። ነርሲንግ ወይም ጤና የተማርክ ከሆነ አስብበት። እዚህ ያለው ትምህርት ከሆስፒታሉ ይለያል፤ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ክፉኛ የሚደማ እጅ ወይም እግር በደቂቃዎች ውስጥ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ደሙ ይቆማል። ማሰሪያውን ከቁስሉ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገህ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን ታስራለህ፤ ያሰርክበትን ሰዓት ትጽፋለህ። ሰዓቱ ካልተጻፈ ቀጥሎ የሚቀበለው ሐኪም ጨለማ ውስጥ ነው የሚገባው። የሕክምና ሰው ሌላው ሲሮጥ ይሮጣል፣ ሌላው ሲተኛ ደግሞ ይሠራል። ቦርሳውም ከክላሹ ጋር ነው።

መድፍ። ብዙ ልጆች ጉልበት ብቻ ይመስላቸዋል። መድፉ ጋ ያለው ጉልበት ነው፤ ኢላማውን የሚያሰላው ግን ሒሳብ ነው። ዲ-30 የሚባለው 122 ሚሊ ሜትር መድፍ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ይተኩሳል። ያን ያህል የራቀ ነገር በዓይን አይታይም። ተመልካች አለ፣ ካርታ አለ፣ ስሌት አለ። ማዕዘኑን በዲግሪ ሳይሆን «ሚል» በሚባል መለኪያ ይለኩታል። በሶቪየቶች አቆጣጠር ክቡ 6,000 ቦታ ይከፈላል፤ አንዷ ሚል 1 ኪሎ ሜትር ላይ 1 ሜትር ያህል ናት። በ10 ኪሎ ሜትር ላይ በአንዲት ሚል ብትስት 10 ሜትር ሳትክ። በ50 ብትስት ደግሞ ግማሽ ኪሎ ሜትር፤ እዚያ ያለው የራስህ ጓድ ሊሆን ይችላል። 12ኛ ክፍል ሒሳብ የማይከብድህ ከሆነ ስሌት ክፍሉን ጠይቅ። ጆሮህን ግን አደራ። መከላከያውን «ለአንድ ጊዜ ነው» ብለው የተዉ ሰዎች ዛሬ ስልክ ሲደወልላቸው አይሰሙም።

አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ጥገና። የእኛ ሰፈር ልጅ ሁሉ ምኞት ነው። የአየር ኃይሉ መቀመጫ ቢሾፍቱ ቅርብ ናት፤ ሲያልፍ ቀና ብለን እያየን ነው ያደግነው። አብዛኛው ሥራ ግን ሃንጋር ውስጥ ነው፣ በመጽሐፍ የሚመራ ነው፣ አንድ ብሎን ሲጠብቅ ሁለት ሰው ይፈርማል። የሄሊኮፕተሩ ወገን ወደ ሜዳ ይቀርባል። በ2002 ዓ.ም አገራችን 5 ሄሊኮፕተሮች ለዳርፉሩ የሰላም ማስከበር ተልዕኮ ስትልክ አብራሪ ብቻ አልሄደም፤ ቁልፍና ዘይት የሚይዘውም አብሮ ነው የሄደው።

ራዳርና አየር መከላከያ ዘንድ ኤሌክትሮኒክሱ ጥልቅ ነው። ቦታው ግን ኮረብታ ጫፍ ነው፣ ወራት ሊሆን ይችላል፣ ጓደኛህ ጀነሬተሩ ነው። ድሮን የሚሉትን ሁሉም ይፈልገዋል። ሰው ጥቂት ነው የሚያስፈልገው፤ አብዛኛው የማብረር ሥራም ወንበር ላይ ነው። «ሜዳ እፈልጋለሁ» ካልክ ደግመህ አስብ።

ሦስተኛ፦ የቅዳሜ ፈተና

ይህችን ፈተና ከራሴ ነው ያወጣኋት። ወጪዋ ትንሽ ናት።

ሦስት ቅዳሜ ምረጥ። ቦርሳህ ውስጥ 15 ኪሎ ጤፍ ወይም አሸዋ ክተት። ከነጋ በኋላ፣ ከጓደኛ ጋር፣ ወደ የረር አቅጣጫ ሁለት ሰዓት ሂድ፣ ሁለት ሰዓት ተመለስ። ሩጫ አይደለም። ቤት እንደገባህ ቁጭ አትበል፣ እግርህን አትታጠብ። ቀጭን ሽቦ፣ ፒንሳና ፕላስተር ያዝ። በስልክ መብራት ብቻ፣ መሬት ላይ ተንበርክከህ፣ በ20 ደቂቃ 10 ቦታ ቆርጠህ ቀጥል። ከዚያ ሌላ ሰው እያንዳንዱን ይሳበው። ስንቱ ያዘ?

መካኒክ መሆን የምትፈልግ ከሆነ ሽቦውን ተውና ጎማ ፈትተህ ግጠም። ሕክምና ከሆነ የጓደኛህን ክንድና እግር በፋሻ እሰር፤ ከዚያ ይነሳና ይሩጥ፤ ከተፈታ ወድቀሃል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ውጤት ዋጋ የለውም፤ ሁሉም ይወድቃል። የምትመለከተው ሦስተኛውን ነው። በተለይ አንዲት ነገር ልብ በል፦ ሲደክምህ ሥራህ ይዘገያል ወይስ ይበላሻል? የሚዘገይ ሰው ይሠለጥናል። እየፈጠነ የሚያበላሸው ነው የሚያሰጋው፤ እሱ ፈንጂና አውሮፕላን አጠገብ አይድረስ።

ለመገናኛ ሌላ ፈተና አለች። ቴፕ ጮክ አድርገህ ክፈት። ጓደኛህ በስልክ 50 ቁጥር ያንብብልህ፤ አንተ ጻፍ። ሳትጠይቅ 48 ካገኘህ ጆሮህ ደህና ነው። የአጭር ሞገድ ራዲዮ ካለህ ደግሞ በረንዳህ ላይ ሽቦ ዘርግተህ ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ ሞክር። መስማት ብቻ ነው ታዲያ። ያለ ፈቃድ ማሰራጨት በሕግ ያስጠይቃል።

አራተኛ፦ ዓይን፣ ጆሮ፣ እግር

ምዝገባ ሳትሄድ ጤና ጣቢያ ሂድ። ሦስት ነገር አስይ። ቀለም መለየት አንዱ ነው። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ወንድ ጥቂት አይደለም፤ ብዙው እስኪመረመር አያውቀውም። የሽቦ ቀለም በማይለይ ሰው እጅ ራዳርም ሆነ አውሮፕላን አይገባም። ይህን ተመዝግበህ ካምፕ ውስጥ ከምትሰማ ዛሬ ሰምተህ ሙያ መቀየር ይሻላል። ጆሮህን ከላይ ብያለሁ። እግርህስ? ዝርግ ከሆነ፣ ጉልበትህ የድሮ ኳስ ጉዳት ካለበት፣ ሐኪሙን በግልጽ ንገረው። ደብቀህ ብታልፍ ከስክስ ጫማው በሁለተኛው ሳምንት ያወጣዋል።

አምስተኛ፦ ወረቀትህን አዘጋጅ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ልጅ የሚሸወደው። «እችላለሁ» ማለት መዳቢው ጠረጴዛ ላይ አይታይም።

የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ፈተና ካልወሰድክ መጀመሪያ እሱን ጨርስ። ደረጃ 3 ተምሮ ብቃቱን ያላረጋገጠ ሰውና ደረጃ 2 ይዞ ያረጋገጠ ሰው ቢሰለፉ እኔ ሁለተኛውን ነው የማምነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ውጤት፣ የኮሌጅ ትራንስክሪፕት፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ መንጃ ፈቃድ ካለህ እሱም። መንጃ ፈቃድን አትናቅ። እያንዳንዱን አምስት አምስት ኮፒ አድርገህ ዋናውን ቤት ተው፤ ሲጠየቅ ብቻ አሳይ። ጋራዥ ወይም ጥገና ቤት ሠርተህ ከሆነ ንግድ ፈቃድ ካለው ሰው የሥራ ልምድ ደብዳቤ በማኅተም አስጽፍ። «ጥሩ ልጅ ነው» የሚል ደብዳቤ ከንቱ ነው። «ለ14 ወር የናፍጣ ሞተር ፖምፓ ፈትቶ ገጥሟል» የሚለው ነው የሚሠራልህ።

12ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ያለፍክ ከሆነ ሌላም በር አለ። የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ ቢሾፍቱ ላይ የኢንጂነሪንግና የጤና ሳይንስ ኮሌጆች አሉት። እሱ መንገድ ረጅም ነው፣ የሚወጣውም በመኮንንነት ነው። የሜዳውን ድርሻ ግን ቀድመህ ጠይቅ። መሐንዲስ መኮንን ብዙ ጊዜ የሚያዘው እንጂ የሚፈታው አይደለም።

ስድስተኛ፦ ሰው አናግር

በየሰፈራችን ጡረታ የወጣ ሃምሳ አለቃ አይጠፋም። ቡና ጋብዘው። «ሥራው እንዴት ነው?» አትበለው፤ «ጥሩ ነው» ብሎ ይዘጋሃል። እንዲህ ጠይቀው፦ የመጨረሻው የሥራ ሳምንትህ ከሰኞ እስከ እሑድ ምን ይመስል ነበር? የት ተኛህ? ምን ተሸከምክ? በእጅህ የጠገንከው የመጨረሻ ዕቃ ምን ነበር? ከዕቃው ላይ መጀመሪያ የሚበላሸው የቱ ነው? ከወጣህ በኋላ በሙያው እንጀራ በላህበት?

የመጨረሻዋን ጥያቄ አትርሳት። መካኒክ በወጣ ማግስት ሥራ ያገኛል። የሕክምና ሰውም ወረቀቱን ካስተካከለ እንደዚያው። እኔ ከመገናኛ ወጥቼ ሞባይል ጥገና እንደ አዲስ ነው የተማርኩት፤ የረዳኝ መልቲሜትር መያዝ መልመዴ ብቻ ነበር። መድፈኛ ወዳጄ ግን ያን ሁሉ ሒሳብ ይዞ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆኖ ነው የጀመረው። ለሰባት ትውልድ የሚበቃ የማዕዘን ስሌት ጭንቅላቱ ውስጥ አለ፤ «አያት፣ አያት» እያለ ይጣራበታል።

ካምፕ በር ሄደህ ግን ዘበኛ አትጠይቅ፣ ፎቶም አታንሳ። ጣጣ ነው።

ሰባተኛ፦ ምዝገባና ሥልጠና

ማስታወቂያው ወረዳና ቀበሌ ላይ ይለጠፋል። ዕድሜ፣ ቁመት፣ የትምህርት ደረጃ፣ የአገልግሎት ዘመን ተጽፎበታል። በየዙሩ ሊለያይ ስለሚችል የዓምናውን ሰው አትስማ። ቁመህ እስከ ታች አንብበው፤ የአገልግሎት ዓመቱን ሁለት ጊዜ አንብበው። ቃል የምትገባው ለዚያ ነው። በሥራ ላይ ያለውን የመከላከያ ሠራዊት አዋጅም ፈልገህ አንብብ። በተለይ ስለ አገልግሎት፣ ስለ ስንብትና ስለ ጉዳት የሚያወሩትን አንቀጾች ከቤተሰብህ ጋር ተቀምጣችሁ አንብቡ። እናትህ የምትጠይቀው ጥያቄ እዚያ ውስጥ አለ። «የፈለግከው ምድብ አስገባሃለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅህ ደላላ ካለ ሌባ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ፎርሙ ላይ ሙያ የሚል ቦታ ካለ በደንብ ሙላው። «ኤሌክትሮኒክስ» ብለህ አትተው። «ኤሌክትሮኒክስ ደረጃ 3፣ ብቃት የተረጋገጠ፣ የራዲዮና የጀነሬተር ጥገና» በል። ቦታ ከሌለው ቃለ መጠይቁ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገር። አታብዛ፤ ብዙ የሚያወራ ምልምል አይወደድም።

ከዚያ መሠረታዊ ሥልጠና ነው። ሁርሶ ሊሆን ይችላል፣ ብርሸለቆ ወይም ጦላይ። እዚያ ሙያህን ማንም አያውቅልህም። ደረጃ 3 የለ፣ ዲፕሎማ የለ፤ ሁሉም «አንተ!» ነው። ኮቾሮ ትበላለህ፣ በደረትህ ትሳባለህ፣ በፉጨት ትነሳለህ። ይህ የባከነ ጊዜ የሚመስላቸው ቴክኒሻኖች አሉ። ተሳስተዋል። በኋላ ከእግረኛ ጋር ስትሄድ የሚያምንህ ራዲዮህን አይቶ አይደለም፤ እንደሱ መራመድህን አይቶ ነው።

የሙያ ምደባው የሚመጣው ከዚህ ወዲያ ነው። እስከዚያ የምትታይበት መንገድ አንድ ነው፦ የተበላሸ ነገር ስታይ ጠግን። የአሠልጣኙ ድምፅ ማጉያ፣ የወጥ ቤቱ አምፖል፣ የውሃ ፖምፓው። ፈቃድ ጠይቀህ ታዲያ። ስምህ ያኔ ይመዘገባል።

ስምንተኛ፦ ምድቡ ሌላ ከሆነስ?

እኔ ላይ ደርሷል። የመገናኛ ወረቀቴን ይዤ ገብቼ ለስምንት ወር መጋዘን አስጠበቁኝ። መጋዘኑ ውስጥ ደግሞ ራዲዮ ነበር፤ የተበላሸ፣ አቧራ የጠጣ። የሚያስቀው እሱ ነው። ወረቀቴ በሌላ ሰው ፋይል ውስጥ ገብቶ ነበር። ይህን ያወቅኩት በስድስተኛው ወር ነው፤ እስከዚያ እያኮረፍኩ ዝም ብዬ ነበር። ጥፋቱ የእነሱ ነው፤ ስድስት ወር ዝም ማለቴ ግን የእኔ ነው።

ስለዚህ አታኩርፍ። የቅርብ አለቃህን በሥርዓት ጠይቅ፤ እሱን ዘልለህ ወደ ላይ አትሂድ። ኮፒህን ከኪስህ አውጣና ስጠው፤ ለዚህ ነው አምስት አድርግ ያልኩህ። በሦስት ወር አንድ ጊዜ አስታውሰው። አጭር የሙያ ሥልጠና ሲወጣ ቀድመህ ተመዝገብ፤ ሰው የሚሸሸውንም ቢሆን። እኔን ከመጋዘን ያወጣኝ ማንም ያልፈለገው የባትሪ ጥገና ሥልጠና ነበር፤ አሲድ፣ ሽታ፣ የተቀደደ ጓንት። ከዚያ ግን ራዲዮ ክፍል በሩ ተከፈተ።

የጎረቤቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ አልተመዘገበም፤ «ሲኦሲውን ልጨርስ» አለ። እናቱ እኔ ከለከልኩት መስሏት ኪሎ ሙዝ ይዛ መጣች። አልከለከልኩትም፤ ሙዙን ግን በላሁት።

ሦስት ቅዳሜ የረር ተመላልሷል። ባለፈው ሳምንት ሲመለስ ጫማው ቀይ አቧራ ለብሶ ሱቄ ደጃፍ ላይ ተንበረከከ፤ ፒንሳ ተዋሰኝ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ሽቦውን ይዞ ገባ። «ጋሼ፣ አሥሩም ይዟል» አለኝ።

አንድ በአንድ ሳብኩት። ዘጠኙ ይዟል።

«ሰባተኛው ደክሞህ ነው ወይስ ቸኩለህ?» አልኩት።

አሰበ። «ስልኬ ጠርቶ ነው» አለ።

ስልኩን ዘግቶ፣ ሽቦውን ይዞ፣ ደጅ ወጥቶ እንደገና ተንበረከከ።